ለእናቲቱ ብረት ብታበሏት ግልገሉ ጋ አይደርስም

"እናቲቱን ብረት የበዛበት መኖ አብሏት፣ ግልገሎቹን የብረት መርፌ መውጋት ይቀርላችኋል።" አሳማ አርቢዎች ዘንድ ይህ ምክር ዛሬም አልጠፋም። ሲሰሙት ደስ ይላል። 15 ግልገል እያሳደደ መርፌ መውጋት ማን ይወዳል? ግን አይሠራም።

ሂሳቡ ቀላል ነው። የአሳማ ግልገል ሲወለድ ሰውነቱ ውስጥ ያለው ብረት ቢበዛ 50 ሚሊግራም ነው። ዕድገቱ ጉድ ስለሆነ በቀን 7 ሚሊግራም ያህል ይፈልጋል፣ ከእናቱ ወተት የሚያገኘው ግን 1 ሚሊግራም ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ሳምንት አለፍ ሲል ጎተራው ባዶ ይሆናል። ጆሮውን ወደ ብርሃን አዙራችሁ እዩት፤ ወረቀት መስሏል። ፀጉሩ ይቆማል፣ ትንሽ ሲሮጥ ጎኑ ይርገበገባል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት 200 ሚሊግራም ብረት አንገቱ ላይ የሚወጋው ለዚህ ነው። ብረት በእንግዴ ልጁም ሆነ በወተቱ እንደልብ አያልፍማ። እናቲቱ የበላችው ትርፍ ፍጉ ውስጥ ነው የሚገኘው።

የዱር አሳማ እኮ መርፌ አያውቅም። ግልገሉ አፈሩን በአፍንጫው እየማሰ ብረቱን ከዚያው ይልሳል። ከአፈር አንስተን ሲሚንቶ ላይ ያስቀመጥነው እኛ ነን። (የምንኮራበት የጤፍ ብረትስ ቢሆን? ጥቂት የማይባለው አውድማ ላይ የተቀላቀለ አፈር ነው።)

የእናት መኖ ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም። አዮዲንና ሴሌኒየም በእናት በኩል ያልፋሉ። አዮዲን ያጣች አሳማ ፀጉር አልባ፣ አንገቱ ያበጠ፣ ደካማ ወይም የሞተ ግልገል ትወልዳለች። ሴሌኒየምና ቫይታሚን ኢ ሲጎድሉ ደግሞ ከሁሉም ያማረው፣ ማታ ደህና የነበረው ግልገል ጠዋት ልቡ ደም ቋጥሮ ሞቶ ይገኛል። ታዲያ ሴሌኒየም ነው ብላችሁ እጃችሁን አትፍቱ። በኪሎ መኖ የሚበቃው ከግማሽ ሚሊግራም በታች ነው። ከ5 ሚሊግራም በላይ ሆኖ ከቆየ መርዝ ነው፣ ሰኮና ያስለቅቃል።

"ብዙ ይሻላል" የሚለው አመል አውሮፓንም አስከፍሏል። ጡት ለጣሉ ግልገሎች ተቅማጥ መከላከያ ተብሎ በኪሎ መኖ እስከ 2500 ሚሊግራም ዚንክ ለሁለት ሳምንት ሲሰጥ ኖረ። አብዛኛው በፍግ ወጥቶ መሬት ላይ ተጠራቀመ፤ መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎችንም ያበረታል ተባለ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በሰኔ 2022 ከለከለው። በእኔ እይታ ትክክል ነው፤ እንዲያውም ዘግይቷል። የሚያናድደኝ ከዚያ ወዲህ ሁሉም በዚንክ ፋንታ ሌላ ዱቄት ፍለጋ መሮጡ ነው። ግልገሎቹ ጥቂት ቀን ቆይተው ጡት ቢጥሉስ ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ብረት የበዛበትን ከረጢት ሊሸጥላችሁ የመጣውን ሰው አንድ ነገር ጠይቁት። መርፌ ሳይወጉ 3 ሳምንት የቆዩት ግልገሎች ሄሞግሎቢናቸው (ደም ውስጥ ያለው ብረት የያዘ ኦክስጅን ተሸካሚ) ስንት ነበር? በዴሲሊትር 9 ግራም ካልሞላ ደም ማነስ ነው፣ ከረጢቱ ላይ የፈለገው ይጻፍ።