የማታው ብሩሽ ይቅደም

አብዛኞቻችን ጥርሳችንን የምንቦርሸው ለሰው ነው። ጠዋት ከቤት ስንወጣ፣ ስብሰባ ሲኖርብን፣ እንግዳ ሲመጣ። ማታ የሚያየን የለም፤ ድካሙም ያሸንፈናልና መብራት አጥፍተን እንተኛለን። እኔም ለዓመታት እንዲሁ ነበርኩ። በቀን ሁለት ጊዜ መቦርሽ እንደሚገባ ማንም ያውቃል። ከሁለቱ የትኛው ይበልጣል የሚለኝ ሰው ቢመጣ ግን መልሴ አንድ ነው፤ የማታው።

ምክንያቱ ምራቅ ነው። ምራቅ ቀኑን ሙሉ አፍን ያጥባል፣ አሲድ ያለዝባል፣ ጥርስ ያጣቸውን ካልሲየምና ፎስፌት የሚባሉ ማዕድናት ይመልስለታል። እንቅልፍ ሲወስደን መጠኑ እጅግ ይቀንሳል። በአፋችን የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ግን አይተኙም፤ በጥርስ ላይና መካከል የቀረውን ስኳር እየተመገቡ አሲድ ያመርታሉ። የአፍ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ በርትቷል ማለት ነው) ከ5.5 ገደማ በታች ሲወርድ ኢናሜል የሚባለው የጥርስ ውጫዊ ሽፋን ማዕድኑን ማጣት ይጀምራል። ኢናሜል በሰውነታችን ውስጥ ካለው ሁሉ ጠንካራው ነው፤ ሕያው ሕዋስ ግን የለውም። የተቆረጠ ቆዳ ይሽራል፣ የተሰበረ አጥንት ይጠገናል፤ የተቦረቦረ ጥርስ ግን መልሶ አይሞላም። ኢናሜል ነርቭም ስለሌለው ሲጎዳ አይናገርም። ሕመም የሚሰማን ጉዳቱ ወደ ውስጥ ከዘለቀ በኋላ ነው።

ይህን የተማርኩት በራሴ መንጋጋ ጥርስ ነው። ከላይ ሲያዩት ነጭና ንጹሕ ነበር። ሐኪሟ ራጁን ወደ ብርሃን አንሥታ በሁለት ጥርሶች መጋጠሚያ ላይ ያለችውን ጥቁር ነጥብ አሳየችኝ። «በየቀኑ እቦርሻለሁ እኮ» አልኳት። «መቦርሹንስ ይቦርሻሉ፤ ብሩሹ ግን እዚህ አይደርስም» አለችኝ። እውነቷን ነበር። መንጋጋ አምስት ገጽ አለው። ብሩሽ የላዩን፣ በጉንጭ በኩልና በምላስ በኩል ያለውን ያጸዳል፤ ከጎረቤት ጥርስ ጋር የሚገጥሙት ሁለቱ ጎኖች የጥርስ ክር ወይም በመካከል የሚገባ ቀጭን ብሩሽ ይፈልጋሉ። ክሩን ወደ ድድ በኃይል መክተት አያስፈልግም። በቀስታ አስገብቶ በአንዱ ጥርስ ጎን ላይ ጠምዘዝ ማድረግ፣ ወደ ላይና ወደ ታች መፈተግ፣ ከዚያ ወደ ሌላው ጥርስ ማዞር ነው።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ድዴ ደማ። ብዙ ሰው የሚያቆመው እዚህ ላይ ነው፤ ድዱን የጎዳው ይመስለዋል። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። ድድ በብዛት የሚደማው ፕላክ የሚባለው ስስ የባክቴሪያ ሽፋን በሥሩ ተከማችቶ ስላስቆጣው ነው፤ ማጽዳቱን የተወ ሰው ሕመሙን ያባብሰዋል። በየቀኑ ሲጸዳ ብዙውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ መድማቱ ይቆማል። ካልቆመ ሐኪም ይየው። ሳይጸዳ የቆየ ፕላክ ደንድኖ የጥርስ ድንጋይ ይሆናል፤ እሱን ደግሞ በሐኪም መሣሪያ እንጂ በብሩሽ ማንሣት አይቻልም። የድድ ሕመም ከስኳር በሽታ ጋርም ይያያዛል፤ አንዱ ሌላውን ያከብደዋል።

ሌላው ከልቤ የሚያሳዝነኝ ልማድ ቦርሾ በውኃ መጉመጥመጥ ነው። የጥርስ ሳሙና ዋና ጉልበቱ ፍሎራይድ የሚባለው ጥርስ አጠንካሪ ማዕድን ነው፤ ፍሎራይድ ደግሞ በጥርስ ላይ መቆየት አለበት። ሁለት ደቂቃ ቦርሸን ወዲያው አፋችንን በውኃ ስናጥብ መድኃኒቱን አብረን እንደፋዋለን። አረፋውን ትፉት፣ አትጉመጥመጡ። ሳሙናው ላይ የተጻፈውንም አንብቡ፤ ለአዋቂ ከ1000 እስከ 1500 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ ስንቱ እንደሆነ የሚያሳይ መለኪያ) ፍሎራይድ ያለው ይመረጣል። የሚጎመዝዝ ነገር ከጠጣችሁ ከመቦርሻችሁ በፊት ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቆዩ። ብሩሹ ለስላሳ ይሁን፣ ወደ ድዱ ዘንበል ተደርጎ ይያዝ፣ በሦስት ወይም በአራት ወር ይለወጥ።

ስለ ጥርስ የሚሰሙት ማስታወቂያዎች አብዛኞቹ የሚሸጡት ንጣት ነው። ንጣት ግን ጤና አይደለም፤ የእኔም መንጋጋ ነጭ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት ወደ 3.5 ቢሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ የአፍ በሽታ እንዳለበት ገልጿል። ይኸው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ፍሎራይድ ያለውን የጥርስ ሳሙና በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቷል። እንግዲህ ነገሩ መድኃኒት ነው። ከሽቶና ከቅባት ጋር ተደርድሮ እንደ ውበት ዕቃ የሚታየውና የሚቀረጠው ለምንድን ነው? መንግሥታት የማንም ደሃ አቅም በሚደርስበት ዋጋ እንዲሸጥ ማድረግ አለባቸው ብዬ አምናለሁ። ሁለት ጊዜ ቦርሹ የሚል ምክር ሳሙና መግዛት ላልቻለ ቤተሰብ ምንም አይፈይድም።

ወላጆችን አንድ ነገር ልለምን። ልጅ ስድስት ዓመት ገደማ ሲሞላው ከወተት ጥርሶቹ ኋላ አዲስ መንጋጋ ይበቅላል። ምንም ጥርስ ሳይወልቅ ስለሚወጣ ብዙ ወላጅ የወተት ጥርስ ነው፣ ነገ ይወልቃል ብሎ ይተወዋል። አይወልቅም፤ ዕድሜ ልክ የሚያገለግለው ቋሚ ጥርስ ነው። ላዩ ጎድጎድ ያለ ስለሆነ ምግብ ይይዛል፣ በልጅ እጅም አይደረስበትም። ዛሬ ማታ ልጃችሁን በብርሃን ፊት አቁሙና ከኋላው ሆናችሁ ጉንጩን በጣት ገለጥ አድርጋችሁ እዩ። የአተር ፍሬ የምታህል ሳሙና በብሩሹ ላይ አድርጉና ያንን የመጨረሻውን መንጋጋ እናንተ ቦርሹለት።