ክብር ለ«ብዬ ነበር» ባዮች

እስቲ ዛሬ ያልተመሰገኑትን እናመስግን። በየካፌው፣ በየፀጉር ቤቱ፣ በየሚኒባሱ የኋላ ወንበር ተቀምጠው ሀገር በነጻ የሚያገለግሉ ሰዎች አሉ። ነገሩ ካለቀ በኋላ «ብዬ ነበር» የሚሉት። ዶላር ሲጨምር ብለው ነበር። ሰፈሩ ሲፈርስ ብለው ነበር። የእነ እንትና ትዳር በሦስት ወሩ ሲበተን፣ እነሱ እኮ ሰርጉ ላይ ዶሮ ወጡን ቀምሰው ያኔውኑ ብለው ነበር። ሲሉ የሰማ ሰው የለም። ይህ ግን የእነሱ ጥፋት አይደለም፤ ጆሮ የሌለን እኛ ነን።

ይህን ምስጋና የቀሰቀሰብኝ የቅዳሜው ጉዳይ ነው። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ አንድ ካፌ ውስጥ ኳስ እስኪጀምር እየጠበቅን ነው። ሪሞቱ ጠፍቷል (የካፌ ሪሞት ለምን ሁልጊዜ እንደሚጠፋ ሌላ ቀን እንነጋገራለን)፣ ቻናሉም የበረዶ ላይ ውድድር ላይ ቆሞ ቀረ። ሾርት ትራክ። ከጎኔ ጃኬቱን ትከሻው ላይ ጣል ያደረገ ሰውዬ አለ። «ወንድሜ፣ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ይህን ጥያቄ ያዙልኝ። ሰውዬው ስፖርቱ መኖሩን ያወቀው በዚያች ቅጽበት ነው።

ላላያችሁት፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ጫማቸው ሥር ምላጭ የታሰረላቸው አራት፣ አምስት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሰዎች፣ ዙሪያዋ 111 ሜትር ከ12 ሳንቲሜትር በሆነች ጠባብ የበረዶ ሜዳ ላይ አንድ ላይ ይለቀቃሉ። የየራስ መስመር የሚባል የለም። ፍጥነቱ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። መታጠፊያው ላይ ግራ እጃቸውን በረዶው ላይ ጣል አድርገው፣ ጎናቸው መሬት ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ያልፋሉ። አንዱ ሲንሸራተት ታዲያ ብቻውን አይሄድም፣ ጎረቤቱንም ይዞ ነው። 1,000 ሜትሩ 9 ዙር፣ ጊዜው አንድ ደቂቃ ተኩል ገደማ። በዚህች ጊዜ ውስጥ መሪው ይቀያየራል፣ ይቀያየራል፣ ይቀያየራል።

ቀይ ለባሹ ከፊት ወጣ። «ቀዩ ነው» አለ ሰውዬው። ሁለት ዙር እንደሄዱ ሰማያዊው በውስጥ በኩል ሰርስሮ አለፈው። «ብዬ ነበር!» አለና ጠረጴዛውን መታ፤ የእኔ ማኪያቶ ፈሰሰ። ከዚያ ቢጫው በውጪ መጣ። «ይሄኛውን ነው እኮ የምላችሁ!» ሦስት ዙር ሲቀር በሜዳው ላይ እሱ ያልደገፈው ሰው አልነበረም። ቢጫው አንደኛ ገባ። ሰውዬው ተነሥቶ አጨበጨበ፣ ዞሮም አየን፣ እኛ እንደተሸነፍን ዓይነት። ዳኞቹ ግን ቪዲዮውን መልሰው ሲያዩ ቢጫው መንገድ ዘግቶ ሌላውን ነክቷል፤ ተቀጣ። የሰውዬው ፊት ላይ ምንም አልተለወጠም። ግማሽ ሰከንድ እንኳን አላባከነም። «ጥፋት አለበት ብዬ ነበር።»

እንዲህ ያለ ቅልጥፍና የትኛውም ስኬተር የለውም። እ.ኤ.አ. በ2022 በቤጂንጉ የክረምት ኦሊምፒክ በ1,000 ሜትር ፍጻሜ ሃንጋሪያዊው ሻኦሊን ሻንዶር ሊዩ መስመሩን ቀድሞ አቋርጦ ነበር። ዳኞች ቪዲዮ ሲያገላብጡ ቆዩ፣ በመጨረሻም ቢጫ ካርድ ሰጡትና ወርቁ ለቻይናዊው ሬን ዚዌ ሆነ። በዓለም ላይ አሉ የተባሉ ዳኞች፣ ያ ሁሉ ካሜራ እያላቸው፣ ለመወሰን ደቂቃዎች ፈጀባቸው። የእኛ ሰው ካሜራም አያስፈልገው።

ቀጣዩ ጠረጴዛ ላይ የነበረ ጎረምሳ ስልኩን አውጥቶ የብራድበሪን ቪዲዮ አሳየን። አውስትራሊያዊው ስቲቨን ብራድበሪ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 የሶልት ሌክ ሲቲ የክረምት ኦሊምፒክ፣ 1,000 ሜትር፣ በኛ የካቲት 1994 መሆኑ ነው። ሰውዬው ስልኩን አየት አድርጎ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ይሄንንማ ያኔውኑ ብያለሁ።»

ያኔውኑ! ልብ በሉ፣ በ1994 እኛ ሰፈር በረዶ የሚታወቀው በክረምት ቆርቆሮ ሲደበድብ ብቻ ነው። ግን አምኜዋለሁ። የሆነውንም በዓይነ ሕሊናዬ አይቼዋለሁ። ሩብ ፍጻሜው ላይ ብራድበሪ ሦስተኛ ወጣ፤ የሚያልፉት ደግሞ ሁለት ናቸው። የእኛ ሰው፣ ያኔ ትንሽ ልጅ፣ ወደ ማድ ቤት ሮጠ። «እማዬ፣ ጋኞን ይቀጣል!» እናትዮዋ ሽንኩርቱን እያቁላሉ «ጋኞን ማነው? የነማን ልጅ ነው?» አሉ። ካናዳዊው ማርክ ጋኞን ተቀጣ፣ ብራድበሪም አለፈ። ግማሽ ፍጻሜው ላይ ከኋላ ሆኖ እያዘገመ ሳለ ፊቱ ያሉት ተላትመው ወደቁለት። ልጁ አጥር ላይ ወጥቶ ለጎረቤት ጮኸ፦ «ጋሼ፣ ፍጻሜው ላይ ደግሞ አራቱም ይወድቃሉ!» ጎረቤትዬው ጋዜጣቸውን ዝቅ አድርገው «ማትሪክ መጣ እንዴ?» አሉ። ልጁ ተስፋ አልቆረጠም። ወደ ሱቅ ሄደና ለባለሱቁ ነገረው። ባለሱቁ «መጀመሪያ የቅድሙን የስኳር ዱቤ አምጣ» አለው። ለቀበሌም ሊያመለክት ሄዶ ነበር፣ ግን የሚፈርመው ሰውዬ ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለ። ይህ ሁሉ ሲሆን ሶልት ሌክ ላይ ፍጻሜው እየተካሄደ ነው። አሜሪካዊው አፖሎ ኦኖ፣ ኮሪያዊው አን ህዩን-ሱ፣ ቻይናዊው ሊ ጂያጁን፣ ካናዳዊው ማቲዩ ቱርኮት ፊት ለፊት እየተሻሙ ነው። ብራድበሪ ብዙ ሜትር ወደ ኋላ ቀርቷል። መጨረሻዋ መታጠፊያ ላይ አራቱም እርስ በርስ ተጠላልፈው ተዘረሩ። እሱ ቆሞ በመሃላቸው አለፈ። አውስትራሊያ በክረምት ኦሊምፒክ የመጀመሪያዋን ወርቅ አገኘች። ብራድበሪ እጁን ሲያነሣ ፊቱን አይታችሁት ከሆነ፣ ራሱም ማመን አቅቶታል። አዲስ አበባ ውስጥ ግን አንድ ልጅ እጁን አጣጥፎ ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ነበር። ብሎ ነበር!

እሱ ያላለውን እኔ ልጨምርበት። ብራድበሪ ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1994፣ ውድድር ላይ የሌላ ሰው ምላጭ ጭኑን ሰንጥቆት 111 ስፌት ተሰፍቶለታል። በ2000 ደግሞ አንገቱ ተሰብሯል። ከኋላ መቅረቱም ስንፍና አይደለም። ጉልበቱ እንደማይመጣጠን አውቆ፣ የፊተኞቹ እንደሚጋጩ አስቦ የያዘው ስልት ነው። ወርቁንም ለዚያች ደቂቃ ተኩል ሳይሆን ለለፋባቸው ዓመታት እንደተቀበለው ተናግሯል። ይህንን «ብዬ ነበር» የሚል እስካሁን አልገጠመኝም። ስፌት መተንበይ አይመችም መሰለኝ።

አንዳንዴ ግን አያስቅም። እ.ኤ.አ. በ2018 ፒዮንግቻንግ ላይ በ500 ሜትር ኮሪያዊቷ ቾይ ሚን-ጆንግ ሁለተኛ ገብታ ተቀጣች። ነሐሱ ለካናዳዊቷ ኪም ቡተን ደረሰ። ቅጣቱን የወሰኑት ዳኞቹ ናቸው። የግድያ ዛቻ የጎረፈው ግን ወደ ልጅቷ ስልክ ነው። «እሷ ናት፣ አውቀን ነበር» የሚሉ ሰዎች፣ ሶፋቸው ላይ ተጋድመው። እኛስ? ለሜቻ ግርማ ፓሪስ 2024 ላይ በ3,000 ሜትር መሰናክል ፍጻሜ፣ የመጨረሻው ዙር ላይ ወድቆ በቃሬዛ ሲወጣ፣ ከኋላዬ የተቀመጠ አንድ ሰው «ይሄ ልጅ ይወድቃል ብዬ ነበር» አለ። ልጁ ሜዳው ላይ ተዘርሮ እኮ ነው! ቤተሰቦቹ በቴሌቪዥን እያዩ! ምን ዓይነት ሆድ ነው፣ ሰው በቃሬዛ ሲወጣ ለራሱ ነጥብ የሚቆጥር? ያኔ ዝም አልኩ። አሁን ልበለው፦ አላልክም። ብትልም ኖሮ አፍህን መዝጋት ነበረብህ።

ወደ ምስጋናችን እንመለስ። ለዓለም አቀፉ የስኬቲንግ ኅብረት አንድ ሐሳብ አለኝ። ውድድሩ ምን ያደርጋል? ወጣቶቹን ሄልሜት አስደፍቶ፣ ምላጭ የማይበሳው ልብስ አልብሶ፣ ግድግዳውን በፍራሽ ሸፍኖ ማጋጨት ለምን ያስፈልጋል? ከኛ ካፌ አንድ ሰው ወስዶ መጠየቅ ነው። ቪዛውን ብቻ ይጨርሱለት። ወጪው የአውሮፕላን ቲኬትና ማኪያቶ ነው፣ በረዶውም ለሌላ ጉዳይ ይውላል። አንድ ችግር ብቻ አለ። ሰውዬው መልሱን የሚያውቀው ከውድድሩ በኋላ ነው።

እኔማ አንድ ጊዜ ተንኮል ቢጤ ሞክሬ ነበር። ሊለቀቁ ሲሉ «ማን ያሸንፋል? ናፕኪን ላይ ጻፍልኝ» አልኩት። እስክሪብቶውን ያዘ፣ አሰበ፣ ስክሪኑን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ «እኔ ቁማር አልወድም» አለኝ። ኪሱ ውስጥ የታጠፈው የቤቲንግ ቲኬት በግማሽ ወጥቶ ይታየኛል።

እንዲያውም እነዚህ ሰዎች እንደ ግለሰብ ሳይሆን እንደ ቡድን ሲሠሩ ነው የሚያምሩት። የሾርት ትራክ የወንዶች ቅብብል 5,000 ሜትር፣ 45 ዙር ነው። ዱላ የለውም። የጨረሰው የሚተካውን ከኋላ ገፍቶ ይለቀዋል። ተወዳዳሪው ከወደቀም የቡድን ጓደኛው ነክቶት መቀጠል ይችላል። እነሱም ልክ እንደዚህ ናቸው። አንዱ «ቅድም እኮ ሰማያዊው ነው ብለህ ነበር» ተብሎ ሲያዝና ሲንተባተብ፣ ጓደኛው ወዲያው ይደርስለታል። «ሰማያዊው ያለው በአቋም ደረጃ ነው፣ በውጤት ደረጃ ቀዩን ብሏል።» እሱ ሲደክመው ሦስተኛው ይረከባል። «እኔም ሰምቻለሁ፣ ብሏል።» አራተኛው ወሬውን ጭራሽ አልሰማም፣ ከውጪ ገና መግባቱ ነው፣ ግን ወንበር እየሳበ «ምን ያከራክራችኋል፣ እኔ ትናንት ነግሬያችሁ አልነበር?» ይላል። ሕጉ የመጨረሻዎቹን ሁለት ዙሮች አንድ ሰው ብቻ ይጨርሳቸው ነው የሚለው። በእነሱም ዘንድ አንድ ሰው ነው የሚጨርሰው። ብዙ ጊዜ ሂሳብ የማይከፍለው።