እግራችሁን ይዛችሁ ኑ!

ሰሞኑን ስለ ልክ አወሳሰድ ውስጤ ሲብላላ የከረመ ነገር አለ። ዛሬ ካልተናገርኩት እንቅልፍ አይወስደኝም።

ደሴ ነው የምኖረው። ልብስ ሰፊ ነኝ። ዩኒፎርም እሰፋለሁ፣ ቀሚስ አጠብባለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ። ከሁሉ የምወደው ሥራ ግን የቲያትር ልብስ ነው። የሰፈር ወጣቶች ተሰብስበው ድራማ ሲሠሩ የሚለብሱትን የምሰፋላቸው እኔ ነኝ። ዘንድሮ ለሚያዝያ 27 የአርበኞች ቀን እያዘጋጁ ነው። ታሪኩ የራሳችን ከተማ ታሪክ ነው። ህዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን የደበደቡበት ቀን። ጃንሆይ ያኔ እዚሁ ነበሩ። የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታል እንኳን አልተረፈም። አያቴ ያን ቀን ስታነሳ ድምጿ ይቀየር ነበር። ስለዚህ ሥራውን ስቀበል በደስታ ነው የተቀበልኩት።

ድራማው ላይ ስድስት የጣሊያን መኮንኖች አሉ። ስድስቱም ድሮ ሰዎች ገምባሌ የሚሉት፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ ጥቁር ቡትስ ያስፈልጋቸዋል። እውነተኛውን መግዛት የማይታሰብ ነው። "ከስክስ ያድርጉ" ያለም ነበር። ከስክስ ከቁርጭምጭሚት ትንሽ አለፍ ብሎ ያበቃል፣ ከፊቱም በክር ይታሰራል። የዚያን ዘመን የጣሊያን መኮንን ቡትስ ግን እስከ ጉልበት ወጥ ነበር። ተራ ወታደሩ ነው አጭር ጫማ አድርጎ ባቱን በጨርቅ የሚጠቀልለው። ፎቶዎቹ አሉ፣ እዩዋቸው። እንግዲህ የቀረው መንገድ አንድ ነው፤ ከስካይ (ቆዳ ከሚመስለው ሰው ሠራሽ ነገር) ሽፋን መስፋት። ልጁ የራሱን ጥቁር ጫማ ያደርጋል። ሽፋኑ ከላይ ይመጣና ከጉልበቱ ሥር ጀምሮ የጫማውን የላይኛውን ክፍል ይሸፍነዋል። ከመድረክ በታች ለተቀመጠ ሰው ቡትስ ነው።

"ሽፋን እኮ ነው፣ አንድ ሰዓት አይፈጅብሽም" አለኝ አስተባባሪው በስልክ።

"ልክ ላክልኝ" አልኩት። ማታ በቴሌግራም ላከልኝ። ስድስት ቁጥሮች። 41፣ 42፣ 43፣ 40፣ 42፣ 43። የጫማ ቁጥር!

ወንድሜ፣ የጫማ ቁጥር ስለ ባት ምን ይነግረኛል? 43 አድርጎ እግሩ እንደ ሸንበቆ የቀጠነ አለ። 40 አድርጎ ባቱ ደንዳና የሆነ አለ። እኔ የምፈልገው ከጉልበት ሥር ያለውን ዙሪያ ነው። ባቱ በጣም ከሚወፍርበት ላይ ያለውን ዙሪያ ነው። የቁርጭምጭሚቱን ነው፣ ከጉልበት እስከ መሬት ያለውን ቁመት ነው። ሰው ሁሉ የሚረሳው ደግሞ አለ፤ ከተረከዝ ተነስቶ በእግር ጀርባ ዞሮ የሚመለሰው ልክ። ይሄ ሁሉ የሚለካው ጫማው ተደርጎ፣ ሱሪው ተለብሶ ነው። ሱሪው ሽፋኑ ውስጥ ይገባላ! ደግሞ ሁለቱም እግር ይለካል። የብዙ ሰው ግራና ቀኝ ባት እኩል አይደለም።

ለአንድ ሰው አምስት ደቂቃ ነው። ፒያሳ ሱቄ ብቅ ብሎ አምስት ደቂቃ መቆም።

"ልጆቹ ይምጡ" አልኩ። "አብሽሪ፣ ይመጣሉ" አለኝ። አልመጡም። ደግሜ ደወልኩ። "አብሽሪ።" ሦስተኛም ደወልኩ። አብሽር የምትለዋን ቃል እኔም እወዳታለሁ፣ ያደግኩባት ናት። ሐዘንተኛ የሚጽናናባት ቃል ናት። ልክ ግን በአብሽር አይወሰድም።

ጨርቅ ቢሆን እኮ ባልተጨነቅኩ። ጨርቅ ይፈታል፣ ይጠባል፣ ይሰፋል። ስካይ ምሕረት የለውም። መርፌ አንዴ የገባበት ቦታ ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል። ስፌቱን ፈትታችሁ ብታዩት የቀዳዳው ረድፍ ቁጭ ብሎ ያያችኋል። በስፒል መያዝም አይቻልም፣ እሱም ይበሳዋል፤ በልብስ መቆንጠጫ ነው የምይዘው። ካውያ ካስጠጋችሁት ይቀልጣል። ስፌቱን ካደቀቅኩት በቀዳዳው መስመር ይቀደዳል፤ ስለዚህ ወደ 4 ሚሊ ሜትር አሰፋዋለሁ። መርፌው የቆዳ መርፌ መሆን አለበት፣ 100 ወይም 110 ቁጥር። የስፌት መኪናው መጫኛ ብረት ደግሞ ስካዩ ላይ ይጣበቅና አልሄድም ይላል። ስስ ወረቀት ከላይ አንጥፌ ከሰፋሁ በኋላ ወረቀቱን ከስፌቱ ሥር እየለቀምኩ አወጣለሁ። ይቺ ብቻ ስንት ሰዓት እንደምትፈጅ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ከዚያ የደሴ ብርድ አለ። የጦሳ ተራራ ጉም በለበሰበት ጠዋት ስካዩ እንደ ቆርቆሮ ይገትራል። ማጠፍ አይቻልም። ፀሐይ ወጥታ እስኪለሰልስ እጄን አጣጥፌ እጠብቃለሁ። ኮምቦልቻ የምትሰፋ ጓደኛ አለችኝ፣ ይሄን ነገር አታውቀውም። የሐረጎን ቁልቁለት ከወረዳችሁ ሙቀቱ ሌላ ነው።

ጊዜው ሲያጥር የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥንድ በግምት ሰፋሁ። ልምምድ ላይ እንዲሞክሯቸው ይዤ ሄድኩ።

አንደኛው ልጅ ኳስ ተጫዋች ነው። ባቱ ላይ ሲደርስ የሽፋኑ ዚፕ ቆመ። ጓደኞቹ ሁለት ሆነው ጎትተው ዘጉለት። መድረክ ላይ ወጥቶ ሲንበረከክ ዚፑ ከላይ እስከ ታች ተተረተረ። ሁለተኛው ቀጭን ነው። ሽፋኑ በየሁለት እርምጃው እየተንሸራተተ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ይከመራል። ጎንበስ ብሎ ይጎትተዋል፣ ይራመዳል፣ ደግሞ ይጎትተዋል። ትዕይንቱ እኮ እናት ልጇን ከፍርስራሽ ሥር የምትፈልግበት ነው። ልጅቷ እውነተኛ እንባ እያነባች ነበር። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ግን ይስቃል። የደሴ ሰው የሞተበትን ቀን እያየ ይስቃል! እዚያ ቆሜ አያቴን አሰብኳት። ምድር ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ኳስ ተጫዋቹ ከመድረክ ወርዶ ወደ እኔ መጣ። "እትዬ ይቅርታ፣ አበላሸሁብሽ" አለኝ። ዓይኑ ቀልቷል። እሱ ምን አጠፋ? እግር ይዞ መፈጠሩ ነው ጥፋቱ? ከኋላዬ ደግሞ "ሰፊዋ ናት ያበላሸችው" ሲባል ሰማሁ። አስተባባሪው ቆሞ ነበር። አንድ ቃል አልተነፈሰም።

የሁለት ጥንድ ስካይ ባከነ። የሶፋ ልብስ ከሚሠሩ ሰዎች ለምኜ ያገኘሁት ትራፊ ነበር፤ ያው ቀለም ሁለተኛ ላይገኝ ይችላል።

እሁድ ኳስ ተጫዋቹን ልጅ ለብቻው ጠራሁት። መጣ። ጫማውን አድርጎ፣ ሱሪውን ለብሶ ወንበር ላይ አቆምኩት። እግሩን በስስ ፕላስቲክ ጠቀለልኩት። በላዩ ላይ ፕላስተር ዙሪያውን ለጠፍኩበት። በእስክሪብቶ ከኋላ የዚፑን መስመር፣ ከፊት የመገጣጠሚያውን መስመር ሠራሁ። ከዚያ ቀስ ብዬ በመቀስ ቀድጄ አወጣሁት። ያ ቅርፊት ሲዘረጋ የልጁ እግር ቁጭ ያለ ሞዴል ነው። ባቱ 41 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ተገኘ። እኔ የገመትኩት 36 ነበር! አምስት ሴንቲ ሜትር! በየትኛው ተአምር ይዘጋ? ለስፌት መግቢያ ጨምሬ ቆረጥኩ፣ ገበር አስገባሁ፣ ከጫማው ሥር የሚያልፍ ላስቲክ ሰፋሁበት። ማክሰኞ አደረገው። ሦስት ጊዜ ተንበረከከ። አንድም ነገር አልተነቃነቀም። መስታወቱ ፊት ቆሞ ትከሻውን ሲነፋ ብታዩት!

ልዩነቱን ያመጣው እግሩ ፊቴ መሆኑ ነው፣ ሌላ ምንም የለም።

ቀጭኑ ልጅ ትናንት መጥቶ ተለክቷል። የቀራችሁት አራታችሁ፣ ይሄን ካነበባችሁ ነገ ከ8 ሰዓት በኋላ ሱቅ ነኝ። አስተባባሪውን አትጠብቁ። መድረክ ላይ የምታደርጉትን ጫማ አድርጋችሁ፣ ሱሪውን ለብሳችሁ ኑ። የቀረን ዘጠኝ ቀን ነው።