ማስተካከያ፦ ስለ አያታችን የሕይወት ታሪክ

በአርባቸው ዕለት ባወጣነው የአያታችን የሕይወት ታሪክ «ጢሰኛ ሆነው ኖረው በ1966 ዓ.ም. አዋጅ መሬት አገኙ» ያልነው ስሕተት ነው። የገጠር መሬት አዋጅ የወጣው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። እሳቸውም ቢቸና አጠገብ ሲያርሱ የኖሩት የአባታቸውን ርስት እንጂ የሰው መሬት አልነበረም። ጎጃሜን ጢሰኛ ማለት ቀላል ነገር አይደለም፤ አጎቶቻችን በእጅጉ ተቆጥተውናል።

«ማረሻ ሠሪ» መባላቸውም ልክ አይደለም። ማረሻ ብረት ነው፤ የቀጥቃጭ ሥራ። የእሳቸው እጅ እንጨት ላይ ነበር፤ ሞፈር፣ እርፍ፣ ድግርና ቀንበር ይጠርቡ ነበር። ቀንበሩን ከዋንዛ የሚያወጡት ቀሎ የበሬውን ጫንቃ እንዳይጎዳ ብለው ነው። የጎረቤት ሞፈር ሲሰበር የራሳቸውን እርሻ አቁመው መጥረቢያ ያነሡ እንደነበር የጻፍነው ግን እውነት ነው።