ቃለ ጉባኤው ላይ የእኔም ፊርማ አለ

ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። ንዴቱ አዲስ አይደለም። ሲውል ሲያድር ይወጣልኛል ብዬ ብጠብቅ ጭራሽ ባሰብኝ።

የማስተምርበት ተቋም ከአንድ የውጭ ዩኒቨርሲቲ ጋር የተማሪ ልውውጥ ስምምነት አለው። አንድ ተማሪ ለአንድ ሴሚስተር ይሄዳል። እዚያ የትምህርት ክፍያ አይጠየቅም። የወሰዳቸው ኮርሶች ሲመለስ ይያዙለታል። መጠነኛ የኪስ ገንዘብም ይሰጠዋል። ቦታው በዓመት አንድ ነው። አንድ ብቻ።

ያን ዓመት ማስታወቂያው የተለጠፈው አርብ፣ ቢሮዎች ሊዘጉ ሲሉ ነበር። ማመልከቻ የሚዘጋው ሰኞ። ደብዳቤው ከውጭ ከደረሰን ግን 6 ሳምንት አልፎታል። ስድስት ሳምንት ሙሉ መሳቢያ ውስጥ ተኛ። እስከዚያ ሰው ያለው ሰምቶ፣ ወረቀቱን አሟልቶ ጨርሷል።

አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበረች። ከክፍሏ አንደኛ። ከቤተሰቧ የዩኒቨርሲቲ ደጃፍ የረገጠችው እሷ ብቻ ናት። ማስታወቂያውን ያየችው አርብ ማታ ከቤተ መጻሕፍት ስትመለስ ነው። ቅዳሜና እሑድ የመምህራንን ቤት እያጠያየቀች ሁለት የድጋፍ ደብዳቤ አጻፈች። አንዱን የጻፍኩላት እኔ ነኝ። ግቢ ብላት እምቢ ብላ፣ ጽፌ እስክጨርስ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

ሰኞ ማመልከቻዋን ስታስገባ ቢሮ ውስጥ ነበርኩ። ወረቀቶቿን የያዘችው በላስቲክ ፎልደር ነው። የፎልደሩ ጥግ ተቀዶ በፕላስተር ተያይዟል። ውስጡ ሁሉም ነገር በቅደም ተከተል ተደርድሯል። የፓስፖርት ኮፒ መግባት ባለበት ቦታ ላይ፣ ያን ዕለት ጠዋት ተሰልፋ ያገኘችው የቀጠሮ ወረቀት ነበር።

ስብሰባው 20 ደቂቃ አልፈጀም። አምስት ነበርን። ሰብሳቢው ፎልደሩን ከፈት አድርጎ "ፓስፖርት የላትም፤ አላሟላችም" አለና ወደ ጎን ገፋው። ቀጥሎ የአንድ ባለሥልጣን ልጅ ማመልከቻ ተነሳ። ነጥቡ ከእሷ በብዙ ያንሳል። ፓስፖርቱ ላይ ግን የሁለት አገር ቪዛ ተመቶበታል። ከመካከላችን አንዱ "ይሄ ልጅ የውጭ ልምድ አለው፤ ለመላመድ አይቸገርም" አለ። ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን።

ይህችን ንግግር እስካሁን ይቅር ማለት አልቻልኩም። ሁለት ጊዜ ውጭ የሄደ ልጅ፣ ሁለት ጊዜ ስለሄደ ለሦስተኛ ጊዜ ይሂድ ተባለ። ሄዳ የማታውቀው፣ ሄዳ ስለማታውቅ ቀረች።

የራሴንም ልናገር። የተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ ፊቴ ነበር። ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ ፓስፖርት የሚጠየቀው ተማሪው ከተመረጠ በኋላ ለቪዛ ሲባል መሆኑን በግልጽ ይናገራል። አንብቤዋለሁ። ጣቴ መስመሩ ላይ ነበር። "ቆይ፣ እዚህ ጋ እንዲህ ይላል" ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። አላልኩም። በዚያው ወር የደረጃ ዕድገት ፋይሌ ሰብሳቢው ጠረጴዛ ላይ ነበር። ቃለ ጉባኤው ዞሮ እኔ ጋ ሲደርስ ፈረምኩ።

በማግስቱ መጣች። "መምህር፣ ምን ጎደለኝ?" አለችኝ። አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። የጎደላትን ሰምታ ልታስተካክል ነው የመጣችው። "ምንም አልጎደለሽም፤ ለሚቀጥለው ዓመት ሞክሪ" አልኳት። አመስግናኝ ሄደች።

በሚቀጥለው ዓመት ተመራቂ ነበረች። ስምምነቱ ተመራቂ ተማሪ አይቀበልም፤ የሄደ ሰው ተመልሶ ትምህርቱን እዚሁ መጨረስ አለበትና። ይህንንም አውቅ ነበር።

ልጁ ሄዶ መጣ። እሱን አልወቅሰውም። 20 ዓመት ያልሞላው ልጅ አባቱ ያመቻቸለትን ቢወስድ ምን ይፈረድበታል? የወሰዳቸው ኮርሶች ግን አልተያዙለትም። ከመሄዱ በፊት የትኛው ኮርስ በየትኛው እንደሚተካ ተጽፎ መፈረም ነበረበት። ማንም አላስፈረመውም። እሱም አልጨነቀውም፤ ሌላ ሴሚስተር የሚከፍልለት አለው። በምትኩ ከዚያኛው ዩኒቨርሲቲ ወደ እኛ የመጣችው ተማሪ ቤተ መጻሕፍታችንን በርብራ፣ ሰው ጠይቃ፣ የመመረቂያ ጽሑፏን ጨርሳ ነው የሄደችው። የመጣችበትን ታውቃለች። የላኳት ሰዎች ሥራቸውን ሠርተዋል። እኛስ ማንን ላክን?

ወገኖቼ፣ ይህ የተማሪ ልውውጥ የሚባል ነገር እንዴት እንደተጀመረ እናስታውስ። ዛሬ ኤኤፍኤስ የሚባለው የተማሪ ልውውጥ ድርጅት በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ቁስለኛ በአምቡላንስ ሲያመላልሱ ከነበሩ በጎ ፈቃደኞች የተወለደ ነው። ጦርነቱ ሲያበቃ፣ ልጆች አንዱ በሌላው ቤት ቢኖሩ መጠፋፋቱ ይቀር ይሆናል ብለው አሰቡ። እ.ኤ.አ. በ1947 ከ10 አገሮች 52 ተማሪዎችን ተቀብለው ጀመሩ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የወጣው፣ የፉልብራይት ሕግ የሚባለው የአሜሪካ የትምህርት ልውውጥ ሕግ ደግሞ የመጀመሪያ ገንዘቡን ያገኘው ከጦርነቱ የተረፈ ንብረት ተሽጦ ነው። ሬሳ ያዩ ሰዎች ያሰቡት ነገር ነው። እኛ የቤተሰብ ስጦታ አደረግነው።

የትም አገር ያለ ነው የምትሉኝ አላችሁ። እውነት ነው፣ ገንዘብ ያለው የትም አገር ይቀድማል። ኢራስመስ የሚባለው የአውሮፓ የተማሪ ልውውጥ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1987 በ11 አገሮችና በ3,244 ተማሪዎች ሲጀምር ጀምሮ ይህ ጥያቄ አብሮት አለ። እነሱ ግን ጥያቄውን አልሸሹትም። አሁን ረዘም ላለ ጊዜ ለሚሄድ የተቸገረ ተማሪ በየወሩ 250 ዩሮ ተጨማሪ ይሰጣሉ። ከእኛ ዘንድ አንድ የተመረጠ ተማሪ ዕድሉን ሲተው አይቻለሁ። የኪስ ገንዘቡ የሚለቀቀው እዚያ ከደረሰ በኋላ ነው፤ ቲኬቱን መጀመሪያ ከኪሱ መቁረጥ ነበረበት። ማንም አላበደረውም። እኔም።

ስልክ የምትደውሉ ወላጆች፣ ልጃችሁን መውደዳችሁ ጥፋት አይደለም። ግን ልጃችሁን በራሳችሁ ገንዘብ መላክ ትችላላችሁ። ያቺን አንድ ቦታ ለምን ትወስዳላችሁ? ሄዳችሁ የተመለሳችሁስ? እንዴት እንዳመለከታችሁ ስትጠየቁ "ዕድል ነው" ብላችሁ የምታልፉት ለምንድን ነው? ዕድል አይደለም። ቀኑን ቀድማችሁ ሰምታችሁ ነው። ተማሪዎችም ከዚህ ነፃ አይደላችሁም። ማስታወቂያውን ፎቶ አንስታችሁ ለሁለት ጓደኛ ልካችሁ፣ የክፍሉ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ዝም ትላላችሁ። ከእኛ ነው የተማራችሁት፣ አውቃለሁ።

ዝምታችን ፍርሃት ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልከፋኝ። ስስትም አለበት። ነገ የእኔ ልጅ ተራ ይደርስ ይሆናል ብለን ነው የምንታገሠው። የተበደለችውን ልጅ እያየን፣ በሆዳችን የበዳዩን ወንበር እንመኛለን። እኔ ተመኝቼ ነበር።

ያቺ ልጅ አሁን መምህርት ሆናለች። አንዳንዴ ለበዓል የእንኳን አደረሰዎት መልእክት ትልክልኛለች። አመሰግናለሁ ብዬ እመልሳለሁ፣ ሌላ ምንም አልልም። ይህን ካነበብሽው፣ ያን ቀን የነገርኩሽ ውሸት ነው። ሁለተኛውን ገጽ አንብቤው ነበር። ይቅርታ አድርጊልኝ ለማለት እንኳ አፍ የለኝም።

ዘንድሮ ደብዳቤው በደረሰ ማግስት ማስታወቂያውን ራሴ ለጠፍኩ። "ፓስፖርት የሚጠየቀው ለተመረጠ ብቻ ነው" የሚለውን በወፍራሙ ጻፍኩት። በሦስተኛው ቀን ተቀዶ አገኘሁት፤ አራቱ ጥግ ላይ ፕላስተሩ ብቻ ቀርቷል። ደግሜ ለጠፍኩ። ደግሞ ተቀደደ። ማን እንደሆነ መጠየቅ ትቻለሁ፤ ደክሞኛል። አሁን መሳቢያዬ ውስጥ 30 ኮፒ አለ። ጠዋት ወደ ክፍል ስሄድ በሰሌዳው በኩል አልፋለሁ።

ትናንት አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሰሌዳው ሥር ቆማ ማስታወቂያውን ደብተሯ ላይ ስትገለብጥ ደረስኩ። ፓስፖርት ከሌላት ከአሁኑ እንድታመለክት ነገርኳት። ቀና ብላ አየችኝና "ይደርሳል?" አለችኝ።

ማመልከቻው ሊዘጋ 5 ሳምንት ይቀረዋል። ይደርሳል አልኳት።