ይድረስ ለክቡር ግሥ ሰበቅታኒ

ለጤናዎ እንዴት ከርመዋል? እኔ በየዓመቱ ስቅለት በመጣ ቁጥር ከሚያደርሱብኝ ጣጣ በቀር ደህና ነኝ።

ቂሜ የቆየ ነው። ልጅ ሆነን፣ ከስግደት ተመልሰን ጉልበታችንን እያሸን ተቀምጠናል። ታናሽ ወንድሜ «ኤሎሄ ኤሎሄ ላማ ሰበቅታኒ» የሚለው ከጆሮው አልወጣለት ብሎ፣ «ማነው ያሳበቀበት?» አለኝ። እኔም በታላቅነቴ «ይሁዳ ነዋ!» ብዬ አስረዳሁት። አያታችን ሁለታችንንም ቆነጠጡን። ያቺ ቁንጥጫ የእርስዎ ዕዳ ናት።

ምናለ በራስዎ መልክ ቢመጡ? አገርዎ አራማይክ፣ ኢየሱስ ይናገረው በነበረው ቋንቋ ውስጥ ሳሉ፣ በ«ሸ» ነበር የሚጠሩት፤ «ሽበቅ»። ግሪኮች «ሸ» የሚባል ፊደል ስለሌላቸው በ«ሰ» ጻፉዎት። ይሁን፣ እነሱስ ቸግሯቸው ነው። እኛ ግን «ሸ»ን ከነቆቧ ይዘን በግሪክኛው ተቀበልንዎት። በአገርዎ «ተወ» የነበሩት ጌታ እኛ ዘንድ ሲደርሱ አሳባቂ ሆነው ቁጭ! ለነገሩ መስቀሉ ሥር ከቆሙትም «ኤሎሄ» ሲባል ሰምተው «ኤልያስን ይጠራል» ያሉ ነበሩ። መሳሳቱን የጀመርነው እኛ አይደለንም።

የሚያናድደኝ ዝምድናችን ነው። «ሰበቅ» ተወ፣ «ታ» አንተ፣ «ኒ» እኔን። የእኛስ «ተውኸኝ»? ተው፣ ኸ፣ ኝ። ስፌቱ አንድ ነው። «ኒ»ማ ግዕዝም ቤት አለች።

ደግሞ ሥራዎ መብዛቱ! በዳንኤል ምዕራፍ 4 ዛፉ ተቆርጦ ጉቶው ይቅር ሲባል «ሽቡቁ» ብለው የሚያዙት እርስዎ ነዎት። በዕዝራ 6፥7 ዳርዮስ የቤተ መቅደሱን ሥራ አትንኩ፣ ተዉት ሲልም እርስዎ። በሶርያውያን «አባታችን ሆይ» ውስጥ በደልን ይቅር ይላሉ። በአይሁድ የፍቺ ደብዳቤ ላይ ደግሞ ባል ሚስቱን ሲያሰናብት እዚያም አሉ! ጥሎ መሄድ፣ መፍቀድ፣ ይቅር ማለት፣ መፋታት። አንድ ሰው ስንት ወንበር ይይዛል?

ይህን ብዬ ልወርድብዎ ስል የራሳችን «ተወ» ትዝ አለኝ። «ትቶኝ ሄደ»፣ «ተዪው ይጫወትበት»፣ «በቃ፣ ትቼልሃለሁ»። ትንሽ አፈርኩ።

እናም የቁንጥጫዋን ነገር ትቼልዎታለሁ። ለመጪው ስቅለት ግን ያቺን የ«ሸ» ቆብ ደፍተው ቢመጡ ደስ ይለኛል። የወንድሜ ልጅ ዘንድሮ መጠየቅ ጀምሯል።