«ሁሉም አፍሪካን ነው» ብሎ ዓሣ መሸጥ ይቁም!

ኧረ ወገን፣ ቤት ውስጥ በመስታወት ገንዳ የሚቀመጥ የጌጥ ዓሣ የሚሸጡ ሰዎች ነገር አንገፈገፈኝ! «ይሄ ምን ዓይነት ነው?» ትላለህ። «አፍሪካን ሲክሊድ ነው ወንድሜ።» «እቤት ካሉት ጋር ይስማማል?» «ሁሉም አፍሪካን ነው፣ ችግር የለውም!»

እንዴት ነው ችግር የሌለው? ሲክሊድ እኮ ሰፊ የዓሣ ቤተሰብ ነው፤ የማላዊ ሐይቅ ብቻውን ከ500 በላይ የሲክሊድ ዝርያ አለው። ታንጋኒካ ሌላ ነው፣ ቪክቶሪያም ሌላ። ጠብሰን የምንበላው ቆሮሶ እንኳ የዚሁ ቤተሰብ ነው። «አፍሪካን» ማለት ብቻውን ምንም አይነግረኝም።

እኔ ያለሁት ጅማ ነው። የምፈልገውን ዓይነት እዚህ ስለማላገኝ ከአዲስ አበባ ነው የማስመጣው። ዓሦቹ ፌስታል ውስጥ ታሽገው 350 ኪሎ ሜትር ገደማ በአውቶብስ ይመጣሉ። አልተስማሙም ብሎ መመለስ የማይታሰብ ነው። ለዚህም ነው አስቀድሜ ደጋግሜ የጠየቅኩት። ፒኮክ የሚባለው የማላዊ ሲክሊድ እንዳለኝ ለሻጩ ነገርኩት፣ ገንዳውን በፎቶ ላክሁለት። «እኔ ልሙት፣ አይነካካም» ብሎ ማለልኝ።

የላከልኝ ሰማያዊ፣ ጥቁር ሰንበር ያላቸው ትንንሽ ዓሦች ናቸው። ስማቸውን ስጠይቀው «ሰማያዊ ምቡና» አለ፣ አለቀ። ምቡና ደግሞ በማላዊ ሐይቅ ድንጋያማ ቦታ የሚኖሩ የብዙ ሲክሊዶች የጋራ ስም ነው። አደጉ። ከዚያ ትልቁ ቀስ በቀስ ሰማያዊው እየለቀቀ ቢጫ ሆነ። ኬኒ የሚባለው የምቡና ዝርያ ነው! ሴቷ ሰማያዊ ሆና ትቀራለች፣ ወንዱ ሲጎለምስ ቢጫ ይሆናል። ከምቡናዎች ሁሉ ኃይለኞች ከሚባሉት አንዱ ነው። ፒኮክ ደግሞ ረጋ ያለ ዓሣ ነው፣ አሸዋ ውስጥ ትንንሽ ነፍሳት እየፈለገ የሚበላ። አሁን ያ የሚያምር ፒኮኬ ጅራቱ ተተልትሎ ላይኛው ጥግ፣ ሂተሩ (የውሃ ማሞቂያው) ሥር ተለጥፎ ይውላል። ምግብ ስበትን እንኳ አይወርድም። ልክ ሲንቀሳቀስ ቢጫው ከድንጋዩ ሥር ተወርውሮ ይወጣል። ማየት ያማል።

«ገንዳህ ትልቅ ነው፣ ይለማመዳሉ» የሚሉኝም አሉ። 400 ሊትር ነው፣ አዎ። ግን ወንድ ኬኒ ድንጋዩን ከያዘ ግማሹ ገንዳ የእሱ ነው። ስፋት ጠብን ያቀልላል እንጂ ጠባይ አይቀይርም።

ምግቡስ? ለሁሉም አንድ ዓይነት ፍሬ ምግብ ነው የሚሸጡት። ምቡና ከድንጋይ ላይ አልጌ እየፋቀ የሚኖር ነው። ፕሮቲን የበዛበት ነገር ሲመላለስበት ሆዱ ይነፋል፣ መብላት ያቆማል፣ ብዙውን ጊዜም አይተርፍም። ይህን ለገዢ መንገር ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ጥንድ ጥንድ አድርጎ መሸጥስ ምንድን ነው? ለአንድ ወንድ ምቡና ቢያንስ ሦስት ሴት ያስፈልጋል፣ አለዚያ አንዷን እስክትሞት ያሳድዳታል። የታንጋኒካውን ፍሮንቶሳ ከምቡና ጋር ቀላቅለው ሲሸጡም አይቻለሁ። ያ ዝግተኛ፣ እርጋታ የሚወድ ዓሣ በምቡና ግርግር መሃል ምን ሰላም አለው?

ሻጮች ሆይ፣ ስሙን ጻፉበት። ከየትኛው ሐይቅ እንደሆነ፣ አድጎ ምን ያህል እንደሚደርስ፣ ምን እንደሚበላ ንገሩን። ካላወቃችሁም «አላውቅም» በሉ፣ እኛ እንፈልጋለን። ሕይወት ያለው ነገር ነው የምትሸጡት!

እና ጅማ ውስጥ ያላችሁ፣ ኃይለኛ ምቡና ብቻ የያዘ ሰፊ ገንዳ ያለው ሰው ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። ቢጫውን ከነሴቶቹ በነፃ እሰጣለሁ፣ ቤት ድረስም አደርሳለሁ። ፒኮክ ላለው ግን አልሰጥም።